ባዶ አስተማሪዋ

በ2096 ዓ.ም. ከደሴ በታች ወንዝ ዳር በቆመ አንድ የቺፕውድ ፋብሪካ ውስጥ ጦይባ ይመር የምትባል ሴት ትሠራ ነበር። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው፤ ሥራዋ ባዶ ማስተማር። መታወቂያዋ ላይ «የመስክ ልኬት ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሠራተኛው ግን «ባዶ አስተማሪዋ» ነው የሚላት።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሌሊቱ ፈረቃ ወጥቶ የቀኑ እስኪገባ፣ ማሽኖቹ ለሃያ አምስት ደቂቃ ይቆማሉ። በዚያች ጊዜ ጦይባ አርባ ምድቦችን ትዞራለች። በየምድቡ ጣውላ የሚያነሣ፣ የሚያዞርና የሚደረድር አንድ የብረት ክንድ አለ። ከክንዱ በላይ ቡጢ የምታህል ጥቁር ሣጥን ተሰቅላለች። የሌዘር ሴንሰር ናት፤ ሁሉም ግን «ዐይን» ይላታል። ዐይን ሰው የማያየው ብርሃን ትልካለች፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ያገኘውን ነገር ነክቶ ይመለሳል፤ ደርሶ ለመመለስ በፈጀበት ጊዜ ዐይን ርቀቱን ታውቃለች። ግድግዳው አራት ሜትር ከሃያ ላይ ከሆነ፣ አራት ሜትር ከሃያ ማለት ባዶ ነው። ከዚያ የቀረበ ነገር ከመጣ ወይ ሰው ነው ወይ ዕቃ፤ ክንዱ ባለበት ቀጥ ይላል።

ዐይን ግን ግድግዳን ከሰው አትለይም፤ የምታውቀው ቁጥር ብቻ ነው። «ባዶ ማለት ይሄ ነው» የሚላት ሰው ያስፈልጋታል፤ የባሕር ዛፉ ብናኝ በየቀኑ ጥግ ጥጉን ስለሚከመር ደግሞ በየጠዋቱ እንደ አዲስ መማር አለባት። ጦይባ ምድቡን ትፈትሻለች፤ የተረሳ መጥረጊያ ካለ ታነሣለች፤ መክፈቻዋን አዙራ አረንጓዴውን ቁልፍ ትጫንና እስከ አሥራ ሁለት ትቆጥራለች። በእነዚያ አሥራ ሁለት ሰከንዶች ዐይን ፊት የነበረ ነገር ሁሉ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ባዶ ተብሎ ይቆያል።

የሠራተኞቹ ሰፈር ከፋብሪካው አጥር ጋር የተያያዘ ነው። እዚያ የሚኖር ሰው ዓመድማ ልብስ ይለብሳል፤ ጥቁር ልብስ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ የሚያብለጨልጭ ወዳልሆነ ቦታ ይወረውረዋል ስለሚባል። በየበሩ ሰው ሁለት እጁን አንሥቶ ግማሽ ዙር ይዞራል፤ ዐይን ለክታ ስትጨርስ «ጢት» ትላለች፤ ከዚያ ይገባል። ልማዱ ከመክረሙ የተነሣ መስጊድ ደጃፍም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም እጁን የሚያነሣ አለ። ሙሽሮች እንኳ ፎቶ ሲነሡ እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ላይ ይሄዳል።

ዐይኖቹ መጀመሪያ የመጡት ክንዱ ሰው እንዳይመታ ነበር። በኋላ አንድ የዕቅድ ክፍል ሰው ዐይን ሌላም ነገር እንደምታውቅ አስተዋለ፤ ማን ዝም ብሎ እንደቆመ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ርቀት ላይ ከዘጠና ሰከንድ በላይ የቆየ ሰው «ቆሞ ቀር» ተብሎ ይመዘገባል። በወር ሦስት ጊዜ ቆሞ ቀር የተባለ ከሥራው ይሰናበታል፤ ከሥራ የተሰናበተ ደግሞ ሰፈሩን ይለቃል።

ይርገዱ አላምረው የጦይባ ጎረቤትና ጓደኛ ነበረች። ከአንድ መንደር ነው የመጡት፤ አንድ ቀን ነው የተቀጠሩት። ይርገዱ ከምድብ አሥር እስከ ምድብ ሃያ ያለውን ብናኝ ትጠርጋለች። ቀልደኛ ነበረች፤ የምድብ አሥራ አራትን ክንድ «አማቴ» ትለው ነበር፤ «ፊቱን ሳላየው አልፋለሁ፣ እሱም ሳይነካኝ ያልፋል፤ ከዚህ በላይ ምን አማት አለ?» እያለች። ዓይናቸው ከደከመ እናቷ ከእማማ ጀማነሽ ጋር ነው የምትኖረው፤ ሌላ የቅርብ ዘመድ የላትም።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ የይርገዱ እግር ማበጥ ጀመረ። ደም ሥሮቿ ተጠላልፈው ባቷ ላይ እንደ ገመድ ወጡ። የክሊኒኩ ሐኪም «እግርሽን አሳርፊ» አላት፤ የት እንደምታሳርፈው ግን አልነገራትም። በግንቦት ሁለት ጊዜ ቆሞ ቀር ተባለች።

አንድ ጠዋት ጦይባ ምድብ አሥራ አራት ስትደርስ ይርገዱ ግድግዳው ጥግ ተደግፋ አገኘቻት። የሌሊቱን ፈረቃ ደርባ ሠርታ መውጣቷ ነበር፤ የቀኑንም ልትጀምር ነው።

«ውጪ እንጂ፣ ላስተምርበት ነው» አለቻት ጦይባ።

«እኔንም ጨምረሽ አስተምሪያት።»

«ምን?»

«ይችን ጥግ። እኔ እንዲህ ተደግፌ እያለሁ ቁልፉን ተጫኚ። ቀን ላይ ሲደክመኝ እዚህ እመጣለሁ፤ ዐይንሽም ባዶ ነው ትላለች። ሁለት ጊዜ ተጽፎብኛል፣ ጦይብ። ሦስተኛው እናቴን ነው የሚያስወጣት።»

ጦይባ ወደ ክንዱ አየች። የሚያዞረው ሁለት ሜትር ተኩል ጣውላ ነው፤ ጫፉ ከዚያ ጥግ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይታዋለች፤ አንድም ቀን ጥጉን ነክቶ አያውቅም።

«ቢደረስብንስ?»

«ማን ይደርሳል? የምታየው ዐይን ናት፤ ዐይንን የምታስተምሪያት አንቺ ነሽ።»

ጦይባ መክፈቻዋን አዞረች። ይርገዱ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ የታመመ እግሯን አጠፍ አድርጋ፣ እንደ ልጅ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ጦይባ እስከ አሥራ ሁለት ቆጠረች።

እንዲህ እያሉ አሥራ አንድ ቀን ቆዩ። ይርገዱ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሙሉ አሥር ደቂቃ፣ ጥጓ ውስጥ ትቆማለች። የእግሯ እብጠት ጎደለ፤ መዝፈን ጀመረች። በምሳ ሰዓት ለጦይባ የእንጀራዋን መሐል ትቆርስላታለች፤ «ለመምህሬ» ትላለች። ጦይባም ደስ ይላት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታስተምር የኖረችው ምንም አለመኖሩን ነው፤ አሁን ግን ለአንድ ሰው ማረፊያ ሰጥታለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በየምድቡ ሰሌዳ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። «ከአራት ሰዓት ጀምሮ ከምድብ 12 እስከ 16 ባለ ሦስት ሜትር ጣውላ ይደረደራል።» ጦይባ አነበበችው። ጣውላ ይረዝማል፣ ጣውላ ያጥራል፤ እሷን የሚመለከት ነገር አልነበረም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የምድብ አሥራ አራት ክንድ ረጅሙን ጣውላ አንሥቶ ከመዞሩ በፊት እንደወትሮው ዐይንን ጠየቀ። ዐይን ባዶ ነው አለች። ክንዱ ዞረ። የጣውላው ጫፍ ጥጉ ድረስ ሄዶ ይርገዱን ደረቷ ላይ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት። ጩኸት የሰማ የለም። ክንዱ ጣውላውን ከክምሩ ላይ አሳርፎ ሌላ ሊያመጣ ተመለሰ። ሁለተኛውን ሲያዞር ይርገዱ ገና አልወደቀችም ነበር። ሦስተኛውን ሲያዞር፣ ዐይን ባዶ ከምትለው ጥግ ሳትወጣ፣ ቁልቁል ተንሸራታ ወድቃለች። አራተኛው ከራሷ በላይ አለፈ።

ያያት የፎርክሊፍት ሾፌሩ ነው። ጦይባ ከምድብ ሠላሳ ሮጣ መጥታ ቀዩን ማቆሚያ በመዳፏ መታችው። ፋብሪካው ጸጥ አለ። በምድቡ ሰሌዳ ላይ «መስክ ባዶ፣ መደበኛ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይነበባል። ይርገዱ ዓይኗ ተከፍቶ ጥጉ ውስጥ ተኮማትራለች፤ ከአፏ ጥግ የወጣው ደም ከብናኙ ጋር ተላቁጦ እንደ ሊጥ ሆኗል። ጦይባ አጠገቧ ተንበርክካ ስሟን ጠራች። ሁለት የጥበቃ ሰዎች ደርሰው በብብቷ ይዘው አነሷት፤ ከወለሉ ላይ ከዘጠና ሰከንድ በላይ መንበርከኳን እየነገሯት።

ዓርብ ቀበሯት። እማማ ጀማነሽ አላለቀሱም፤ ያገኙትን ሰው ሁሉ እጁን እየያዙ «እንዴት ሆና ነው?» ይሉ ነበር።

ጦይባ ቤት ባሏ ሙሄ አለ። ሃያ ዓመት የሙጫ ክፍል ሠርቶ ሳንባው ደርቋል። ቀንና ሌሊት የሚተነፍሰው ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ በወጣ የኦክስጅን ቱቦ ነው፤ ቱቦው የቤቱ ነው፣ ቤቱ የፋብሪካው። ጦይባ ቅዳሜ ከሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው።

«መርማሪ ሰኞ ይመጣል» አለችው። «ሰውን ባዶ ብሎ ያስተማረ አሥር ዓመት ይታሰራል ይላል ሕጉ። ቤቱንም ይወስዱታል።»

«እውነቱን ተናገሪ» አላት ሙሄ። «ለእኔ ብለሽ አትዋሺ።»

ይህን ሲላት እጁ ቱቦውን ጨምድዶ እንደያዘ ነበር። እሱ አላስተዋለውም፤ እሷ አይታለች።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ከልኬት ጽሕፈት ቤት የመጣችው መርማሪ ኤልዳና የምትባል ረጋ ያለች ወጣት ሆና ተገኘች። ከወንበሯ ተነሥታ ጦይባን ተቀበለቻት፤ ውኃ ቀዳችላት፤ «ጓደኛሞች እንደነበራችሁ ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ይማር» አለቻት። ከዚያ የኮምፒውተሯን ማያ ወደ እሷ አዞረችው።

«ወይዘሮ ጦይባ፣ ይህ ሐሙስ ጠዋት ያስተማሩት የምድብ አሥራ አራት ባዶ ነው። ዐይን የምትይዘው እንዲህ ነው፤ በነጥብ በነጥብ።»

ማያው ላይ ግድግዳው ለጥ ብሎ ይታያል። ጥጉ ላይ ግን ነጥቦቹ ወደ ፊት ገፍተው ጉብታ ሠርተዋል። ቁመቱ ሜትር ከሃምሳ አራት። ከላይ ጠበብ ይላል፤ ቀጥሎ ይሰፋና ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ከታች በኩል አንዱ ወገን ወደ ውስጥ ተጣጥፏል። ፊት የለውም። ጦይባ ግን አወቀቻት። አንገቷን አወቀች፤ የታመመውን እግር አወቀች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ኤልዳና።

ጦይባ ወንበሯን ከማያው ራቅ አደረገች።

«ቅጹን ላሳይዎት» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «በምክንያት ሥር ሁለት ሣጥን ነው ያለው። አንደኛው የአስተማሪ ጥፋት፤ ሁለተኛው የሟች ጥፋት።»

«ጣውላውን ያስረዘመውስ?»

«እሱ ሣጥን የለውም።» ጣቷን ቅጹ ላይ አኖረች። «የመጀመሪያውን ከሞላሁ ፋብሪካው ለአርባ ቀን ፍተሻ ይቆማል፣ እርስዎም ከዚህ በቀጥታ ከእኔ ጋር ነው የሚሄዱት። ሁለተኛውን ከሞላሁ መዝገቡ ዛሬውኑ ይዘጋል። እኔ ምን ይበሉ አልልም። የምጠይቀው ይህ ምን እንደሆነ ብቻ ነው።»

ጦይባ ውኃውን አነሣች፤ ሳትጠጣ አስቀመጠችው። ሙሄ በዚህ ሰዓት ትራሱን ቀና አድርጎ የሚመጣ የእግር ድምፅ እየጠበቀ እንደሆነ ታውቃለች።

«ጆንያ ነው» አለች።

«የምን ጆንያ?»

«የእንጨት ፍርፋሪ። የሌሊቱ ፈረቃ የተወው።»

«ቋሚ ዕቃ ከነበረ ከባዶው ጋር ማስተማር ይፈቀዳል» አለች ኤልዳና እየጻፈች። «ሐሙስ ግን እዚያ ጆንያ አልተገኘም። ማን አነሣው?»

«አላውቅም።»

«ከምድብ ዕቃ ማንሣት የሚፈቀድለት ማን ነው?»

«የጽዳት ሠራተኛ።»

«የምድቡ የጽዳት ሠራተኛ ማን ነበረች?»

ጦይባ ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ይርገዱ።»

«እንግዲያው ጆንያውን አንሥታ በቦታው ቆመች?»

«… አዎ።»

«ከዐይን ለመሰወር፣ ዐውቃ?»

«አዎ።»

«ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ይኸው ጉብታ አለ። ያው ጆንያ ነው?»

«ያው ጆንያ ነው።»

ኤልዳና የአሥራ አንዱን ቀን ሥዕሎች አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው። በዘጠነኛው ላይ ቆም አለች። እዚያኛው ላይ ጉብታው የተደገፈው በሌላው ጎን ነው፤ የታጠፈው ሌላኛው እግር ነው።

«ጆንያ እግር ሲቀይር አይቼ አላውቅም» አለች፤ እንደ ቀልድም አይደል፣ እንደ ቁጣም አይደል። ከዚያ ሥዕሉን ዘጋችና ሁለተኛው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገች። «ይፈርሙልኝ።»

ጦይባ ፈረመች። መርማሪዋ በሩ ድረስ ሸኘቻት። «ዛሬ ምድቡን እንደገና ያስተምሩት፤ የድሮዎቹ ሁሉ ከመዝገብ ይሰረዛሉ» አለቻት።

ጦይባ ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ምድብ አሥራ አራት ሄደች። ጥጉ ታጥቧል። ግድግዳው ላይ እርጥቡ ገና አልደረቀም። መክፈቻዋን አዞረች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ እስከ አሥራ ሁለት ቆጠረች። ሰሌዳው «አዲስ ባዶ ተመዝግቧል፣ ያለፉት ተሰርዘዋል» አለ። ከይርገዱ በዚህ ዓለም ላይ ተርፎ የነበረው የመጨረሻ መልክ ያ ነበር፤ ጦይባ በእጇ አጠፋችው። ከዚያ ምድብ አሥራ አምስት ሄደች።

ውሳኔው ማክሰኞ በሰፈሩ መግቢያ ተለጠፈ። «ሠራተኛዋ ከምድቡ ቋሚ ዕቃ አንሥታ ሆን ብላ ከልኬት በመሰወሯ በራሷ ጥፋት ሞታለች። በዚህም ምክንያት ቤቱ በአሥራ አራት ቀን ይለቀቃል።» ጎረቤቱ አንብቦ አለፈ። ሐዘን ለመድረስ ይመጣ የነበረው ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ቀነሰ፤ ከሳምንት በኋላ ቀረ። ጦይባ ግን በየቀኑ ለእማማ ጀማነሽ ውኃ ትቀዳለች፤ ምሳ ታደርሳለች፤ ልብሳቸውን ታጥባለች። አሮጊቷ «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» ባሏት ቁጥር ዕቃ ልታጥብ ትወጣለች። አንድ ቀን «እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» ብላ ጀመረች። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ መልሰው ጠበቁ። «ነገ ሽሮ አመጣለሁ» አለቻቸው።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የፋብሪካው ጭነት መኪና መጣ። የእማማ ጀማነሽ ዕቃ አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥንና ሁለት ድስት ነው። የሚሄዱት ዋድላ ነው፤ አይተዋት የማያውቋት የእህታቸው ልጅ እቀበላለሁ ብላለች። ጎረቤቱ በየደጃፉ ወጥቶ ቆሟል። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ መዝገብ ይዞ ያያል። ሙሄ በመስኮት በኩል ቱቦው አፍንጫው ላይ እንዳለ ያያል።

ጦይባ አሮጊቷን ደግፋ ወደ መኪናው ስትወስዳቸው መሐል መንገድ ላይ ቆሙ።

«ጦይብዬ፣ የጎረቤት ልጅ ወረቀቱን አነበበልኝ» አሏት። «እስከ ዛሬ ያፈርኩትን አሁን ልናገር። ልጄ የማይሆን ነገር ሠርታ፣ ከተከለከለችበት ገብታ፣ አንቺን ለመርማሪ ዳርጋሻለች። ስምሽ በክፉ እንዲነሣ አድርጋለች። ይህን ሁሉ አድርጋብሽ አንቺ እኔን ጦርሽኝ።»

«እማማ፣ ተዉ እንጂ—»

«አልተውም። ነፍሷ በዚህ ተይዛ እንዳትቀርብኝ ነው።» እጃቸውን ዘረጉና ጉልበቷን ዳበሱ፤ ዝቅ ሊሉ ሲሉ ጦይባ በሁለት እጇ ያዘቻቸው። ቀና አልል አሉ። «ልጄን ይቅር በያት፣ አፉ በያት፣ የኔ ልጅ። አንቺ አፉ ካላልሻት ማን ይላታል?»

ጦይባ አፏን ከፈተች። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይመለከታታል። ኃላፊው መዝገቡን አጥፏል። የመኪናው ሞተር ተነሥቷል፤ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እሺ፣ እንንቀሳቀስ!» ይላል። በዚያች ቅጽበት እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፤ ቢወጣ መኪናውን ያቆመዋል፤ አልጋውን ያስመልሰዋል። ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሙሄ ራሱን አልነቀነቀም፣ አልጠራትም፤ ይተነፍሳል።

አሮጊቷ እንደተጎነበሱ ይጠብቃሉ።

«አፉ ብያታለሁ» አለች ጦይባ።

«ተመስገን» አሉ እማማ ጀማነሽ፤ ፊታቸው ሲፈታ ታየ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያልመጣላቸው እንባ አሁን መጣላቸው። የጦይባን ሁለት ጉንጭ ሳሙ፣ መረቋት፣ ሰዎች ደግፈው ጭነቱ ላይ አወጧቸው።